ለአንድ አልበም የተተከለ ድንኳን

ደግነት ሥራ የፈታ ሰው በሽታ ነው። ሥራ ያለው ሰው ደግ ልሁን ቢልም ጊዜ አያገኝም። ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም፣ ራሴ ታምሜበት ነው። አሁንም የዳንኩ አልመሰለኝም... ጉዱን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

እኔ ቆሰበር የምኖር፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ስገለብጥ የምውል፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላኝ፣ ባልም ልጅም የሌለኝ ሴት ነኝ። ደብዳቤ ላይ እንጅባራ ብዬ እጽፋለሁ፣ አፌ ግን በድሮ ስሟ ቆሰበር ማለቱን አልተወም። ዕድሜዬን የነገርኳችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ኋላ ያስፈልገናል።

ነገሩ የጀመረው ቁምሳጥን ልገዛ ዳንግላ የወረድኩ ዕለት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው፣ የዘንድሮው ካርቶን ነው ሲሉ ሰምቼ ነው የሄድኩት። የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው የሚሉ ሰዎች ተሸክመውት አያውቁም። አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚያድስ አንድ አናጢ አገኘሁና፣ በሰው ቁመት ልክ የሆነ፣ አራት እግር ያለው፣ የታችኛው መሳቢያ አልዘጋ የሚል ቁምሳጥን አሳየኝ። መሳቢያው ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቀው ዝናብ ነክቶት አብጦ ነው፣ ቆሰበር ሲደርስ ይደርቅና ይስተካከላል አለኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ቆሰበር ሲደርስ ይደርቃል! እኛ ጋ ዝናብ የሚያቆመው ደክሞት ነው፣ እሱም ትንሽ ዐረፍ ብሎ ይመለሳል። እኔም የዚያው አገር ልጅ ሆኜ አመንኩት፣ ዕቃውን አስጭኜ መጣሁ።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ብገፋው አልሄድ አለ፣ በእግሬ ብመታው አልሄድ አለ። ተናድጄ ነቅዬ ሳወጣው ከኋላው ተሰንጎ የነበረ ነገር ዱብ አለ። ጥቁር ሽፋን ያለው፣ በየገጹ መሐል ስስ ወረቀት የገባበት የፎቶ አልበም ነበር። ያበጠው እንጨት ሳይሆን አልበሙ ነበር ማለት ነው። አናጢው ቢያንስ ስለ አንድ ነገር እውነት ተናግሮ ቢሆን ምን ነበረበት?

ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። የዚያን ጊዜ ሰው ፎቶ አነሳስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደሚቀበር ሰው ነው የሚቆመው። ዓይኑ ይፈጣል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። ከጀርባው የተሳለ ሐይቅ አለ፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ አለ፣ ሰውዬው ግን ጀልባ ቀርቶ ድልድይ የሚያስፈራው የደጋ ገበሬ ነው። አንዷ ገመዱ የተቆረጠ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ ኮስተር ብላለች፣ ማን ደውሎላት እንደሆነ እሷና ፎቶ ቤቱ ይወቁት። አምስት ወንዶች በአምስት ፎቶ አንድ ኮት ለብሰዋል። የፎቶ ቤቱ ኮት መሆኑ ነው፣ አንዱ ላይ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፣ ሌላው ላይ እጅጌው ክርኑ ላይ ይቀራል። ከሰዎቹ ይልቅ ኮቱን ተዋወቅሁት። ሃያ ስድስት ፎቶ አየሁ፣ ጥርሱን ያሳየ አንድም አልነበረም።

ሃያ ሰባተኛው ላይ ግን እጄ ቆመ። አንዲት ጠና ያሉ እናት በቀርከሃ አጥር ሥር ተቀምጠው፣ ፎቶ አንሺውን ትተው ወደ ጎን እያዩ ከልባቸው ይስቃሉ። ነጠላቸው ከራሳቸው ሸርተት ብሏል። ያሳቃቸው ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። የገጹ ጥግ በጣት ብዛት ተበልቶ፣ ጥቁሩ ወረቀት ነጣ ብሏል። ይህን ገጽ ብቻ እየገለጠ ያይ የነበረ ሰው አለ፣ ያ ሰው ዛሬ ይህን ፎቶ የሚያይበት ቦታ የለውም ብዬ አሰብኩ። በሽታው የያዘኝ እዚህ ላይ ነው።

በአልበሙ ሁሉ ስም የሚባል ነገር የለም። ባለ ጎፈሬ ጎልማሳ ባጌጠ ፈረስ ላይ ከተቀመጠበት ፎቶ ጀርባ ብቻ «ለማስታወሻ፣ አዘና» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። አዘና የአገራችን የገበያ ከተማ ናት፣ ሰውዬው ግን ማን ነው? ለማን ነው ማስታወሻው? ስም መጻፍ ያሳስር ይመስል! አናጢው ጋ ብደውል ቁምሳጥኑን ከአንድ ሰው እንደገዛ፣ ያም ሰው ከሌላ ሰው እንደገዛ፣ ሌላውን ሰው እንደማያውቀው ነገረኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ፌስቡክ ላይ ለጥፊው አሉኝ። አዘና ገበያ ቀን ከሚወጣው ሰው ስንቱ ነው ፌስቡክ ላይ ያለው? እኔ በወረቀት አምናለሁ፣ እንጀራዬም ወረቀት ነው። ማስታወቂያ አሠርቼ አዘና አስለጥፋለሁ አልኩ።

መናኸሪያው አጠገብ ሰብለ የምትባል ጸሐፊ አለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ባለ ፈረሱን ፎቶ ሰጠኋትና ጽሑፉን ነገርኳት። ይህን ሰው ወይም ቤተሰቡን የሚያውቅ ከታች ባለው ስልክ ይደውል፣ የሚመለስ ንብረት አለ፣ ይላል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ ከየት ይመጣል? ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው መብራት ከቀትር በኋላ መጣ፣ ሰብለም ተመልሶ ሳይሄድ ብላ ሠላሳውን ወረቀት ባንድ ትንፋሽ አተመችው። ሳየው ዙሪያው በወፍራም ጥቁር ጠርዝ ታጥሯል። ከላይ መስቀል፣ ከታች በግራና በቀኝ የሚነዱ ሻማዎች አሉበት። ይህ ምንድን ነው አልኳት። ሰብለ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራው። እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ የለም።»

ማን ያቅርብ! የሰብለ ደንበኞች ከመሬት በታች ናቸው። በኮምፒውተሯ ውስጥ ከሙት ዓመት መታሰቢያ ሌላ ፎቶ የሚገባበት ቅጽ የለም፣ እኔ ደግሞ እንደገና ይሠራ እንዳልል መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል። ሰው አንብቦ ይረዳል ብዬ ይዤ ወጣሁ። አዎ፣ ሰው አንብቦ ይረዳል አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሩ ላይ «ግፋ» ተብሎ የተጻፈበት መሥሪያ ቤት እየሠራሁ፣ ባለጉዳይ ሁሉ በሩን ሲስብ እያየሁ፣ ይህን አልኩ።

ወረቀቶቹን ለአዘና ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። በገበያ ቀን በየምሰሶው ለጠፋቸው። በዚያው ዕለት ስልኬ ይጮህ ጀመር። ኔትወርካችንን ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ቃል ካሳለፈ ሦስተኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ ሃሎ ከማለቴ በፊት አድራሻዬን እናገራለሁ፣ ከመናኸሪያው በላይ፣ ከቀርከሃ ወንበር ሻጮቹ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ እሑድ ጠዋት ኑ። ሰባት ሰው ደወለ። ሰባቱም በከባድ ድምፅ እንመጣለን አሉ። አንዲቱማ ተነፈሰችና ማውራት ተስኗት ዘጋችው። ምን ያህል ደስ ቢላቸው ነው አልኩ። ቤቴን ጠራረግሁ፣ ለሦስት ለአራት እንግዳ ይበቃል ብዬ ድንች ቀቀልኩ፣ አልበሙን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ጠበቅሁ። አመሰግናለሁ ሲሉኝ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር እኮ!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ሚኒባስና አንድ ኢሱዙ በሬ ላይ ቆሙ። የወረደው ሰው ድንች የሚበቃው አልነበረም። ከፊት የሰባ ዓመት ግድም ባልቴት፣ ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ የሰብለን ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወረዱ። ሰማያዊውን በር ሲያዩ ጮኹ። ኢሱዙው በሙሉ ተቀበላቸው።

አሁን የሰፈሬን ሰው እዩልኝ። የተሰበረ የውኃ ቧንቧ እንድናስጠግን ሦስት ዓመት ስለምናቸው የኖርኩት ጎረቤቶቼ፣ ለቅሶ ሲሰሙ ማን ሞተ ሳይሉ ድንኳን ተሸክመው መጡ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አግዳሚው ተደረደረ፣ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ የመጣና የቀረ ይመዘግብ ጀመር። የእድሩ ዳኛ ጠጋ ብሎ ሟቹ ምኔ እንደሆኑ ጠየቀኝ። አላውቃቸውም አልኩት። በሐዘኔታ አየኝና ወደ ሴቶቹ ዞሮ ያዟት፣ አእምሮዋን ነክቷታል አላቸው። ያዙኝ። ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቀው አለበሱኝ። አላውቃቸውም ባልኩ ቁጥር አይዞሽ እያሉ ጀርባዬን ያሹኛል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሹክሹክታው ደረሰኝ፣ ለካ ሟቹ በድብቅ የወለዱኝ አባቴ ኖረዋል! ብቻዋን የምትኖረው ለዚህ ነው አለች አንዷ። አያችሁ፣ ሰው ባያገባ ምክንያቱን ሌላ ሰው ይፈልግለታል። የገዛ አባቴ አገር ሙሉ ያወቃቸው መርጌታ ነበሩ፣ ግን ማን ይሰማል?

ድንኳኑ ውስጥ ሟቹ ይወደሳሉ። አንድ ሰውዬ ሟቹ እንዴት ያለ ቸር እንደነበሩ እያለቀሰ ተናገረ። ኋላ እንደሰማሁት ከሟቹ ጋር በእርሻ ድንበር ተካስሶ ሰላምታ ካቆመ ቆይቷል። በቁም ያላዩትን ሰው ሲሞት እንዲህ የሚያደምቁት ምን ነክቷቸው ነው? ባልቴቷ ግን ከልባቸው ነበር የሚያለቅሱት። አዘና የሚኖሩ የሟቹ እህት ናቸው፣ ስማቸው እማማ የሺ ይባላል። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚ ያለቅሳሉ። አማርኛው ለሕዝቡ ነበር፣ አውኚው ግን ለወንድማቸው ብቻ እንደሆነ ቋንቋውን የማልሰማው እኔም ገብቶኛል። በመጨረሻ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙና በአማርኛ አወጡት።

«እንየው ወንድሜ፣ የእናታችንን ፎቶ ደበቅህብኝ ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ደጅህን ያልረገጥኩ! አልበሙን አንተ ውሰደው፣ ይሁንልህ፣ አንተ ብቻ ተነስ!»

እዚህ ላይ ክው አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የተኳረፉበት አልበም በጨርቅ ተጠቅልሎ እዚያው ጓዳዬ ውስጥ ተቀምጧል። ልነሳ ብል ሴቶቹ ጫኑኝ።

ከበስተኋላ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ አንድ መላጣ ሽማግሌ ተነሱ። እኚህን አውቃቸዋለሁ፣ የእድራችን አባል ጋሽ እንየው ናቸው። ለቅሶ ቀርተው አያውቁም፣ የቀረ ሰው ስም ሲነበብ መስማት ስለሚወዱ ነው ይላሉ የሚያሟቸው። ያን ዕለትም ድንኳን አይተው ጋቢያቸውን ደርበው መጥተዋል፣ ማን ሞተ ብለው ጠይቀው እንየው የሚባል ሰው ነው ሲሏቸው ምስኪን ሞክሼዬ ብለው ከንፈር መጥጠው ተቀምጠዋል። ፎቶውን ያየ ማንም ሰው እሳቸው መሆናቸውን አልጠረጠረም። ያ ሁሉ ጎፈሬ ወዴት እንደሄደ ማን ይገምታል? እሳቸው ግን ድምፁን ሰሙ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሰሙትን የእህታቸውን ድምፅ ነው የሰሙት። ሁሉም ንግግር ሊያደርጉ መስሎት ጆሮውን ሰጠ። ከሞት የተነሣው ሰው በመጀመሪያ የተናገረው ይህንን ነው።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል አይደል? አልበሙን ውሰደው ብላለች።»

አንዲት ሴት አማተበች። ሁለት ጎረምሶች ከድንኳኑ በጎን ሾልከው ወጡ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡ ላይ ጋሽ እንየውን «የመጣ» ይበላቸው «የሞተ» ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን አንጠልጥሎ ቀረ። እማማ የሺ በሕዝቡ መሐል ሄዱና የወንድማቸውን ፊት በሁለት መዳፋቸው ያዙ። ጉንጫቸውን ዳበሱ፣ መላጣቸውን ዳበሱ። ከዚያ ወረቀቱን ጠቅልለው ደረታቸውን መቱበት።

«እኔ የሰጠሁት ለሟቹ ነው። ሙትና ውሰደው።»

ሴቶቹ ሲለቁኝ ሮጬ አልበሙን አመጣሁና ከፊታቸው ገለጥኩት። እናታቸው በቀርከሃው አጥር ሥር እየሳቁ ወጡ። ሁለቱም ሳይተያዩ የገጹን የተበላ ጥግ እኩል በጣታቸው ነኩት፣ አንዱ በግራ፣ አንዷ በቀኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም አለቀስኩ፣ ሴቶቹም ይኸው፣ አላልናችሁም ተባባሉ። ለካ ከዚህች ፎቶ በቀር እናታቸውን የሚያዩበት ሌላ የላቸውም። እናታቸው ሲሞቱ አልበሙ ጠፋ፣ ወንድም እህቱን ጠረጠረ፣ እህት ወንድሟን ጠረጠረች፣ በዚያው ተቆራረጡ።

የት እንደተገኘ ጠየቁኝ፣ ከቁምሳጥን መሳቢያ ኋላ አልኩ። እማማ የሺ ቀስ ብለው ወደ ወንድማቸው ዞሩና የእናታችንን ቁምሳጥን ማን ነበር የወሰደው አሉ። ጋሽ እንየው የድንኳኑን ጣሪያ ይመረምሩ ጀመር። እሳቸው ናቸው የወሰዱት። ከዳንግላ ወደ ቆሰበር ሲዛወሩም እሳቸው ናቸው መሳቢያው አልዘጋ አለ ብለው የሸጡት። አልበሙ ያን ሁሉ ጊዜ ከአልጋቸው ራስጌ ነበር፣ እሳቸው ግን መሳቢያውን በእግራቸው ይመቱ ነበር እንጂ ከኋላው ምን አለ አላሉም። ላፌዝባቸው ነበር፣ የእኔው እርግጫ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ለቀስተኛው ግን አልተደሰተም። ይህን ያህል መንገድ መጥቶ፣ ይህን ያህል አልቅሶ፣ ሰውዬው በሕይወት መገኘታቸውን እንደ ንቀት ቆጠረው። ድንቼን ጨረሰውና ቅመም ያንሰዋል አለ። ያ በድንበር የተካሰሰው አወዳሽ እንባውን ጠርጎ ጋሽ እንየውን እንደገና ሰላም ሳይላቸው ወጣ። የእድሩ ዳኛም ሟች በሌለበት ድንኳን የማስተከል ነገር በደንቡ ባይኖርም በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚታይ ነገረኝ።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ፈረስ ደረሰ። የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፣ ፈረሰኛ ሰው ሲሞት በስሙ ፈረስ አስጊጦ ለቅሶው ላይ መሳብ ያገሩ ወግ ነው። ሁለት የአዘና ዘመዶች ማልደው በእግር ተነስተው፣ ፈረሱን በቀይና በቢጫ የፈረስ ጌጥ፣ በመረሻት፣ አስጊጠው፣ ዝናብ ደብድቧቸው መጡ። ሟቹ በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። ለእኔ የመጣ ፈረስ ባዶውን አይመለስም አሉና፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው እርካቡን ረግጠው ወጡ። እማማ የሺ ድንጋጤያቸው ከለቅሶው በለጠ።

«ውረድ! ወድቀህ ሁለተኛ ልታስለቅሰኝ ነው?»

አልወረዱም። በቀርከሃ ወንበር ሻጮቹ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረው፣ ቀጥ ብለው፣ ልክ እንደ ፎቶው ሆነው ተመለሱ። እማማ የሺ ልጓሙን ይዘው ከጎናቸው ሲሮጡ ነበር።

የቤተሰቡ ፍለጋ በዚህ አበቃ፣ ደግነቴም በዚህ አበቃ ብላችሁ ይሆናል። አላበቃም። አልበሙን ማን ይውሰድ? ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለነበር እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ጋሽ እንየው ሕዝብ የሰማው ቃል አለ ይላሉ፣ እማማ የሺ ለሙት የተሰጠ ቃል በቁም አይወሰድም ይላሉ። ፎቶ ቤት ወስደን እናባዛው ብል ሁለቱም እኩል ቀየሙኝ። እማማ የሺ የተባዛ እናት አልሻም አሉ። ሽማግሌዎቹ ሲመሽባቸው፣ እስኪስማሙ ድረስ አልበሙ በገለልተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ ብለው ፈረዱ። ገለልተኛ ማለት ዘመድ የሌላት፣ ነገር የማይገባት፣ ቤቷ መናኸሪያ አጠገብ የሆነ ማለት ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ይኸው አልበሙ ዛሬም እዚያው ቁምሳጥን፣ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው አሁንም አይዘጋም። በየገበያው ቀን ሁለቱ ይመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ሌላውን ከአልበሙ ጋር ብቻውን ላለመተው እየተሽቀዳደሙ ነበር፣ አሁን አሁን ጋሽ እንየው መናኸሪያ ሄደው እህታቸውን ይቀበሉና ዘንቢላቸውን ተሸክመውላቸው አብረው ይገባሉ። ሻዬን ይጠጣሉ፣ ድንቼን ይበላሉ፣ ያቺን ገጽ ገልጠው ይጣላሉ። ጭቅጭቁ ሁልጊዜ አንድ ነው። እናታቸው በፎቶው ላይ ወደ ማን እያዩ ነው የሳቁት? ጋሽ እንየው እኔ ነበርኩ ከአጥሩ ጥግ የቆምኩት፣ ፈረሱ ገፍቶ ጥሎኝ ነው የሳቀችው ይላሉ። እማማ የሺ አንተ የዚያን ቀን መቼ ነበርክ፣ እኔን ነው ያየችው ይላሉ። ሲጨቃጨቁ የሁለቱም ፊት የሕፃን ፊት ይሆናል። ፍረጂን ይሉኛል። አልፈርድም፣ ከፈረድኩ አንዱ አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት ሻይ ስቀዳ ድንገት ዝም አሉ። ሳይጣሉ ዝም ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። ጋሽ እንየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ልጄ፣ አያድርገውና አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ አልበሙ ማን ጋ ይሆናል አሉኝ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እሳቸው ሰባ ሦስት፣ እህታቸው ሰባ። እማማ የሺን አየሁ፣ ይገሥጿቸዋል ብዬ። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት በእኔ ሞት ላይ ነው!

ከዚያ እማማ የሺ አልበሙን ወደ መጨረሻው ባዶ ገጽ ገለጡና በእጃቸው ለስለስ አደረጉት።

«ለማንኛውም አንድ ፎቶሽን ስጪን።»

ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶሽን ስጪኝ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ መጣ። በማግስቱ ፀጉሬን ተሠርቼ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ቢለኝ አንገቴን አድርቄ፣ ዓይኔን አፍጥጬ እምቢ አልኩት። የሚፈልጉት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።